ከተማውን በእግርሽ ለኪው

ልጄ፣

አዲስ ከተማ በሚያቅደው ቡድን ውስጥ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስጋትም አድሮብኛል። የምሰጋው ችሎታሽን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ባዶ ወረቀት ራሱ ሰውን ያስታል። እርሳስ ያነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሰምረው ትልቁን አስፋልት ነው። ቀጥሎ አደባባዩ ይመጣል፤ ከዚያ የቤቶቹ ረድፍ ይከተላል፤ ሥራው ራቅ ብሎ አንድ ጥግ ላይ «ኢንዱስትሪ» ተብሎ ይጻፋል። ሰዉ ከዚህ ወደዚያ በምን እንደሚሄድ የሚጠየቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጪው እለምንሻለሁ። መጀመሪያ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ሳትደክም የምትሄደውን ርቀት ወስኚ፤ ቤቱን፣ ሥራውን፣ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን እዚያ ውስጥ አስገቢ። አስፋልቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የምታቅጂለት ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎችም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በእግር የሚኬድበት ከተማ ሲባል የውጭ አገር ቅንጦት የሚመስላቸው ባልደረቦች ይገጥሙሻል። እነዚህን ሁለት እውነቶች አስታውሻቸው። ሕዝባችን ዛሬም በእግሩ ነው ያለው፤ የሚያስፈልገው ርቀቱ እንዲያጥርለትና መንገዱ እንዳይገድለው ነው።

ከሌላ አገር የመጣ ምሳሌ ከማገላበጥሽ በፊት ድሬዳዋ ሄደሽ ተቀመጪ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እዚያ ሲደርስ ቦታው ላይ ከተማ አልነበረም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ተራራው ግን ወጪውን የማይቻል አደረገውና ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ቀረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚራ የሚባለውን ክፍል የባቡር ኩባንያው ባለሙያዎች በመስመር አሰመሩት፤ ጣቢያው፣ የጥገና ወርክሾፑ፣ ቢሮዎቹ፣ ሱቆቹና የሠራተኞቹ ቤቶች ተቀራርበው ተሠሩ። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከማእዘን እስከ ማእዘን ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ዳርና ዳር ዛፍ አለ። የድሬዳዋን የከሰዓት ፀሐይ ስታዪው ዛፉ ለጌጥ እንዳልተተከለ ይገባሻል። ጥላ በሌለበት ቆላ አገር በእግር የሚኬድ ከተማ አይኖርም፤ ስለዚህ የዛፉ ወጪ ከአስፋልቱ ወጪ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ። «በኋላ ይተከላል» የተባለ ዛፍ አይተከልም።

ግን ከዚራን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ደቻቱ የተባለውን ወንዝ ተሻግረሽ ወደ መጋላ ሰፈር ግቢ። ከዚራ የኩባንያው ሰዎችና የፈረንጆቹ መኖሪያ ሲሆን ያገሬው ሰው የሰፈረው በመጋላ ነበር፤ ይህ አድልዎ ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። ቢሆንም ቀፊራ ገበያን፣ ጠባቦቹን መተላለፊያዎች፣ ከመኖሪያው ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሥራ ስታዪ ማንም ሳያሰምርለት ሕዝቡ ራሱ የገነባው ሰፈር በእግር ለመኖር ከከዚራ እንደማያንስ ትረጃለሽ። የአንቺ ከተማ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አስቀድሞ የተሰመረውንም፣ ሰው በኋላ እንደ አቅሙ የሚሞላውንም። ሁሉንም ካሬ በሥዕል የጨረሰ ፕላን ለመጋላ ቦታ አይተውም።

በከዚራና በመጋላ መካከል ያለው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ስለዚህ የአዲሱን ከተማ ቦታ የሳተላይት ሥዕል ሲሰጡሽ በሥዕሉ አትርኪ። በክረምት ሄደሽ እዪው። በአካባቢው ያሉ አረጋውያንን ውኃው በክፉ ዓመት የት ድረስ እንደደረሰ ጠይቂ፤ በሚነግሩሽ መስመር ውስጥ ቤት አይሠራ። ዛፍና የእግር መንገድ ይሁን።

ከድሬዳዋ ሳትወጪ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ በከዚራ ደጃፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ጣቢያ ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ ከባቡር የወረደ ሰው ሌላ ትራንስፖርት ፍለጋ ይገባል። አዲስ አበባ ላይም ለቡ ያለውን ጣቢያ ብታዪ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ለሐዲዱ ይህ ይቀላል፤ መሬቱም ይረክሳል። ለከተማ ግን ጣቢያ ማለት ገበያ፣ ምግብ ቤት፣ ማደሪያ፣ ጭነት አውራጅ፣ ብዙ የዕለት ሥራ ነው፤ ከሰው ሲርቅ ያ ሁሉ ሥራ አብሮት ይርቃል።

አሁን ወደ ሥራና ቤት ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነው። የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። የራሴ የምትለው በር ያልነበራትን ሴት በስሟ ካርታ እንድትይዝ አድርጓል። ነገር ግን መሃል ከተማ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ሳይቶች ሲያልቁ ግንባታው መሬት ወደሚገኝበት ዳር ተገፋ፤ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ። ቤቱ ወደ ዳር ሄደ፤ ሥራው መሃል ቀረ። ዕጣ የደረሰው ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ለሥራው በሚቀርብ ሰፈር በኪራይ መኖርን መረጠ። የገባውም ከንጋት በፊት ተነስቶ ታክሲ ይሰለፋል። በየብሎኩ ምድር ወለል ላይ የነበሩት ሱቆች ደግሞ በጨረታ ተሸጡ። በጨረታ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረው እናት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ደንብ አስከባሪ ትሸሻለች።

ሐዋሳ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ሼዶቹ በፍጥነት ቆሙ። ከየገጠሩ የመጡት ወጣት ሴቶች የሚያድሩበት ቤት ግን አብሮ አልቆመም። አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ኪራዩም እየናረባቸው ኖሩ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባውን የአጎዋ ዕድል ስታነሳ በርካቶቹ ሥራቸውን አጡ። ከዚህ የምትወስጂው ነገር ሁለት ነው። ሼድና ቤት በአንድ ዓመት በጀት ጎን ለጎን ይነሱ። ከተማሽም በአንድ ቀጣሪና በአንድ የውጭ ገበያ ላይ አይንጠልጠል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከአንድ ሰፈር መሃል በየአቅጣጫው 800 ሜትር ብትወስጂ ወደ 200 ሄክታር ታገኛለሽ። በሄክታር 200 ሰው ቢሰፍር፣ ይህም በባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያለ ጭንቅ ይሆናል፣ 40 ሺህ ነዋሪ ነው። ከአሥሩ አራቱ ሥራ የሚሠሩ ቢሆኑ 16 ሺህ ሥራ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንድ ፋብሪካ አይሰጥሽም። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቀበሌው ቢደመሩም አይሞሉትም። የቀረውን የሚሞላው ልብስ ሰፊው፣ ብረት በያጁ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጋራዡ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ቡና አፍዪዋ፣ እንጨት ቤቱ ነው። ለእነዚህ ቦታ በፕላኑ ላይ ካልተሰጠ ከተማሽ ማደሪያ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ምድር ወለል ላይ ጠባብ ጠባብ ሱቆች ይኑሩ፤ ከፊሎቹ ለጨረታ አይቅረቡ፤ በወር ኪራይ በአነስተኛ ዋጋ ይሰጡ። ድምፅና ጭስ ላለው ሥራ ከመኖሪያው ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ የጋራ ወርክሾፕ ግቢ ይዘጋጅ። ጉልት የሚቀመጡበት ጥላና የውኃ ቧንቧ ያለው ቦታ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይሁን፤ ከጀርባ የተሰጠ ገበያ ገዢ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በስዊድን፣ ስቶክሆልም ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ቬሊንግቢ የተባለች አዲስ ከተማ ተመረቀች። ሥራ፣ መኖሪያና መሃል ከተማ በአንድ ቦታ እንዲገኙ ታስቦ የተሠራች ናት፤ ከመላው ዓለም ባለሙያ እየመጣ ይጎበኛት ነበር። ሆኖም ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ሥራቸው ሌላ ሰፈር ሆነ፤ እዚያ ያለውን ሥራ የሚሠሩትም ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ሆኑ። ሰው ሥራ ይቀይራል፤ ባልና ሚስት የተለያየ ቦታ ይሠራሉ፤ ማንንም በሰፈሩ ሥራ ያዝ ብለሽ አታስገድጂም። ቬሊንግቢን ያዳናት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዋ መሃሏ ላይ መሆኑ ነው። በእግር የሚኬድ ከተማ ያለ ጥሩ አውቶቡስ አይቆምም ማለት ነው። ፌርማታው ሩቅ ዳር ላይ ሳይሆን ከገበያው አጠገብ ይሁን፤ የመጀመሪያው ቤተሰብ በገባበት ዕለትም አውቶቡሱ ሥራ ይጀምር።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ክርክር ይገጥምሻል፤ ተዘጋጂበት። በአገራችን የከተማ ፕላን 30 በመቶው መሬት ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚል መመሪያ አለ። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ የሚወስነው ግን አከፋፈሉ ነው። በየ300 ሜትሩ 50 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ብታሰምሪ 30 በመቶ ገደማ ይሞላልሻል። በየ100 ሜትሩ 16 ሜትር ስፋት ያለው ብታሰምሪም ያው 30 በመቶ ገደማ ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ኑሮው ላይ ግን ምንም አይገናኙም። በመጀመሪያው ከተማ ጎረቤቱ ጋ ለመድረስ ሰው ረጅሙን ብሎክ ይዞራል፤ በሴኮንድ አንድ ሜትር የማይሞላ የሚራመድ አዛውንትም 50 ሜትሩን ለመሻገር አንድ ደቂቃ ያህል መኪና መሃል ይቆማል። በሁለተኛው በየማእዘኑ መታጠፊያ አለ፤ ለሱቅ የሚሆን ማእዘንም ዘጠኝ እጥፍ ይበዛል። የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ እንሥራ የሚል ሐሳብ ሲመጣም እርጉዝ ሴትና ባለ ክራንች ደረጃውን እንዴት እንደሚወጡ ጠይቂ፤ መኪናው ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ ሰው አይውጣ።

በውጭ አገር መጻሕፍት የማታገኚያቸው ነገሮችም አሉ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የት ይተከላል? በየሰፈሩ የዕድር ድንኳን የሚተከልበት፣ ድግስ የሚደገስበት፣ በግ የሚታረድበት ቦታ ካልተተወ ሕዝቡ መንገዱን ይዘጋል፤ ይፈረድበታል ብዬም አላስብም። ቦዩ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን የሌለው ቦይ በማታ እግር ይሰብራል። የሕዝብ መጸዳጃ በፕላኑ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ። ከማታ ፈረቃ የምትወጣ ሴት የምትሄድበት መንገድ መብራት ያለው፣ ሱቅ የተከፈተበት፣ መስኮት የሚያየው ይሁን፤ ረጅም አጥር ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ማንንም አይጠብቅም።

ግንባታው ሲጀመር አለቆችሽ ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ብዙ ብሎክ በአንድ ጊዜ ቆሞ ማየት ይፈልጋሉ፤ ለምርቃት ያምራል። አንቺ ግን አንድ ሰፈር ሙሉ ሆኖ እንዲያልቅ ተከራከሪ። ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ ወርክሾፑ፣ ውኃው ሁሉ የተሟላበት አንድ ሰፈር ሰው ይይዛል። በሜዳው የተበተኑ መቶ ብሎኮች ለዓመታት ውኃና መብራት ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ስለ መሬቱ ባለቤቶች። ባዶ ብለው የሚሰጡሽ መሬት ባዶ አይደለም፤ ጤፍ የሚዘራበት፣ ከብት የሚውልበት፣ መቃብርና ቤተ እምነት ያለበት ነው። ካሳ የተከፈለው ገበሬ ገንዘቡ ሲያልቅ በገዛ መሬቱ ላይ በተሠራ ከተማ ዘበኛ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። የተስፋ ቃል ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን ኃላፊ ሲቀየር የተባለው ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ ፕላኑ ሳይጸድቅ፣ ዕጣም ሳይወጣ፣ ከመጀመሪያው ሰፈር ስንት ቤት፣ ስንት የምድር ወለል ሱቅ ለእነሱ እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ብሎክ እንደሆነ፣ ልጆቻቸው በግንባታው ላይ የትኛውን ሙያ እየሠለጠኑ እንደሚቀጠሩ በስም ዝርዝር ተጽፎ ከፕላኑ ጋር አብሮ እንዲጸድቅ ጠይቂ። እነሱ ያረሱበትን አካባቢ በእግራቸው ያውቁታልና ዳገቱ የት እንደሚከብድ፣ ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ ልጆች በየትኛው አቋራጭ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ የሚያሳዩሽን ሰዎች ቡድኑ ውስጥ አስገቢ፤ የውሎ አበላቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸው።