እርሳሱ ወርቅ ሲሆን የሚተርፈው ማን ነው?

ስለ ፈላስፎቹ ድንጋይ የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ስለ ርካሽነቱ ነው። ድንጋዩ በየመንገዱ ወድቆ ይረገጣል፤ ድሃውም ባለጠጋውም ያገኘዋል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ምንነቱን የሚያውቅለት ግን የለም ይላሉ። ድንጋይ ይባል እንጂ አየነው የሚሉት የሚገልጹት ከባድ ዱቄት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት በእጄ ይዤዋለሁ ብሎ ሲመሰክር፣ ቀለሙን ከሳፍሮን፣ ብልጭታውን ከተፈጨ መስታወት ጋር አመሳስሎታል። ከዚህ ዱቄት ቆንጠር አድርጎ በቀለጠ እርሳስ ወይም በጋለ ሜርኩሪ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ርካሹ ወርቅ ይሆናል። በሽታን ያድናል፣ ዕድሜን ያረዝማል ተብሎም ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

ድንጋዩ አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር አልቋል፤ እንደ ተጻፈለት ሆኖ የተገኘ ዱቄት የለም። ያላለቀው ጥያቄ ሌላ ነው። እርሳሱ ወርቅ ሆነ ስንል፣ ያው እርሳስ ከፍ ወዳለ ማዕረግ ደረሰ ማለታችን ነው? ወይስ እርሳሱ ጠፍቶ በቦታው ወርቅ ተተካ ማለታችን? ነገሩ መተካት ከሆነ እርሳሱ ምን ተጠቀመ? ድንጋዩ ለብዙ መቶ ዓመታት የነፍስ መታደስ ምሳሌ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ጥያቄው የብረታ ብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ሆኛለሁ የሚለውን ሁሉ ይመለከታል።

በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኖረ በሚባለው በጃቢር ኢብን ሐይያን ስም በተላለፉት የዐረብኛ መጻሕፍት፣ ብረታ ብረት ሁሉ በምድር ሆድ ውስጥ ከድኝና ከሜርኩሪ ይፀነሳሉ። ሁለቱ ንጹሕ ከሆኑና መጠናቸው ከተስተካከለ የሚወለደው ወርቅ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ካደፈ እርሳስ፣ ቆርቆሮ፣ መዳብ ይሆናል። እርሳስ እንግዲህ ገና ያልበሰለ ወይም ሕመም ያገኘው ወርቅ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ምድር በብዙ ዘመን የምትፈጽመውን በእቶን ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚያደርስ መድኃኒት ነው። ሐሳቡ ርኅራኄ አለው፤ ወደ ሰው ሲመጣ፣ ክፉ የምንለው ሰው ያልበሰለ ደግ ሰው ነው ማለት ነውና። ነገር ግን አንድ በደልም በውስጡ ይዟል። እርሳስን ያልበሰለ ወርቅ ያለ፣ እርሳስ መሆንን ራሱን እንደ ጉድለት ቆጥሯል። ሰውን ወደፊት በሚሆነው ብቻ የሚመዝንም ዛሬ በፊቱ የቆመውን ሰው አላየውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሁሉ የበረታውን ተቃውሞ ያመጣው ፈላስፋውና ሐኪሙ ኢብን ሲና (980–1037) ነው። በታላቁ የፈውስ መጽሐፉ ስለ ማዕድናት በጻፈበት ክፍል፣ የአልኬሚ፣ ማለትም ርካሹን ብረት ወርቅ የማድረግ ጥበብ፣ ባለሙያዎች የሚችሉት ማስመሰል ነው ይላል። ቀዩን ነጭ፣ ነጩን ቢጫ አድርገው ዓይንን ያታልሉ ይሆናል፤ ባሕርዩን ግን አይነኩትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ እርሳስን እርሳስ፣ ወርቅን ወርቅ የሚያደርገው እውነተኛ ልዩነት ከስሜት ሕዋሳታችን የተሰወረ ነው፤ ያላወቁትን ነገር እንዴት ማጥፋት ወይም መፍጠር ይቻላል? ይህ ክፍል በ1200 አካባቢ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለረጅም ጊዜ የአርስቶትል ቃል እየተባለ ሲነበብ ኖሯል። ታላቁ አልበርቱስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአልኬሚ የተሠራ ነው የተባለ ወርቅ አስፈትኖ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ እሳት ሲነካው ተቃጥሎ አመድና ዝቃጭ ሆነ ብሎ ጽፏል። ሆኖም አልበርቱስ በሩን አልዘጋውም። ጥሩ አልኬሚስት እንደ ሐኪም ነው፤ መጀመሪያ የቆሸሸውን ያጸዳል፣ ከዚያ ያበረታል የሚል ተስፋ ነበረው።

አልኬሚስቶቹ ለኢብን ሲና የሰጡት መልስ፣ በእኔ ግምት፣ ከጻፉት ሁሉ ጥልቅ የሆነው ነው። ልክ ነህ፣ አሉ፤ እርሳስ እርሳስ ሆኖ ሳለ ወርቅ አይሆንም። ስለዚህ በመጀመሪያ እርሳስነቱን ማጣት፣ መልክና ስም ወደሌለው ወደ መጀመሪያው ቁስ መመለስ አለበት። በሥራው ቅደም ተከተል ከንጣቱ፣ ከቢጫውና ከቅላቱ በፊት ጥቁረቱ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በታሸገው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር ይበሰብሳል፣ ይጠቁራል፤ ሥዕሎቻቸው ይህን ደረጃ በሬሳ፣ በቁራና በመቃብር ያሳዩታል። ጥቁረቱ ለማስፈራራት የተጨመረ ጌጥ አይደለም። የቀድሞ መልኩን ያልለቀቀ ነገር የሚቀበለው ቀለም ብቻ መሆኑን ኢብን ሲና ራሱ አስተምሯቸዋልና። በእኛም ገዳማት የሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፣ ስሙም ይለወጣል። እቶን የማያውቁ አባቶች ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ መድረሳቸው ጉዳዩ ከወርቅ ጋር ብቻ እንዳልተያያዘ ያሳየኛል።

ግን መልሱ የባሰ ጥያቄ ይወልዳል። እርሳስነቱ ጠፍቶ፣ ወርቅነቱ ገና ሳይመጣ፣ በጥቁረቱ መካከል ያለው ምንድን ነው? የነበረውንና የሚሆነውን አንድ የሚያደርግ ክር ከሌለ፣ አንድ ነገር ሞቶ ሌላ ነገር ተወለደ እንጂ ማንም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያዎቹ አልኬሚስቶች እመለሳለሁ። ዞሲሞስ በ300 ዓ.ም. አካባቢ በላይኛው ግብፅ፣ ዛሬ አኽሚም በምትባለው በፓኖፖሊስ የኖረ ሲሆን፣ ከአልኬሚ ጸሐፊዎች ማንነታቸው ከሚታወቁት ቀዳሚው ነው። ስለ ምድጃና ስለ ማጣሪያ ዕቃዎች በጥንቃቄ የጻፈው ይኸው ሰው አንድ አስፈሪ ሕልም ትቶልናል። ጽዋ በሚመስል መሠዊያ ላይ አንድ ካህን ቆሟል። በሰይፍ እንደ ተከፈለ፣ ቆዳው እንደ ተገፈፈ፣ ሥጋና አጥንቱ በእሳት እንደ ተቃጠለ፣ በዚህም ሥጋው ተለውጦ መንፈስ እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል። ሰዎች በመሠዊያው ውስጥ በፈላ ውኃ ይንተከተካሉ፤ ግን ሕያዋን ናቸው። ከዚያ የመዳብ ሰው ይታያል፤ የመዳቡ ሰው የብር ሰው ይሆናል፤ ጥቂት ብትታገሥ የወርቅ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ ይባላል።

በዚህ ሕልም ውስጥ ከሥቃዩ ይልቅ የሚይዘኝ የካህኑ አነጋገር ነው። ሥጋው ቀረ፣ መልኩ ጠፋ፣ ግን የደረሰብኝ ይህ ነው ብሎ የሚተርክ አንድ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም። የፈለግነው ክር ይህ ይመስለኛል። በለውጥ ውስጥ የሚተርፈው ቁሱም መልኩም አይደለም፤ ነበርኩ ማለት የሚችለው ነው። እርሳስ ይህን ማለት አይችልም፤ የድንጋዩ ምሳሌ ከሰው ጋር የሚለያየውም እዚህ ነው። የመነኮሰው ሰው ስለ ቀድሞ ኃጢአቱ ያለቅሳል። ያ የቀድሞው ሰው በእርግጥ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ልቅሶው በማያውቀው ሰው በደል ላይ የሚፈስ የባዕድ ልቅሶ በሆነ ነበር። ስለዚህ የትናንት ማንነታቸውን እንደ ዝቃጭ አውጥተው ጥለው ፍጹም አዲስ ሰው ሆነናል የሚሉትን ለማመን እቸገራለሁ። እነርሱ የሚገልጹት መለወጥን ሳይሆን መተካትን ነው።

አልኬሚን ስለ ነፍስ አድርጎ ማንበብ ግን ያከራክራል። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ በ1944 ባሳተመው ሥነ ልቦናና አልኬሚ በተባለው መጽሐፉ፣ አልኬሚስቶቹ ሳያውቁት የገዛ ነፍሳቸውን ታሪክ በብልቃጡ ውስጥ ያነቡ ነበር ብሏል። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ዊልያም ኒውማንና ሎረንስ ፕሪንሲፔ ይህን አይቀበሉም። ፕሪንሲፔ በምሥጢራዊ ቋንቋ የተጻፈውን አሠራር ፈትቶ ወርቅና በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ሜርኩሪ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲያሞቅ፣ መጻሕፍቱ እንዳሉት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር አድጎ አይቷል። እኔ ለተመራማሪዎቹ አደላለሁ። ሥራው እውነተኛ ባይሆን፣ ብልቃጡ በፈላጊው ፊት የመፈንዳት ዕድል ባይኖረው፣ ምሳሌው ክብደት አይኖረውም ነበር። ይህም ማለት ግን ነፍስ ከሥራው ውጪ ነበረች ማለት አይደለም። ሮበርት ዘቼስተር በ1144 ወደ ላቲን በመለሰው መጽሐፍ፣ መነኩሴው ሞሪየኑስ የኡመያዱን ልዑል ኻሊድ ኢብን የዚድን ሲያስተምር፣ የሚፈለገው ነገር የሚወጣው ከአንተው ነው፣ ማዕድኑ አንተ ነህ ይለዋል። ይህ የተነገረው ስለ እቶን ሥራ በሚያስተምር መጽሐፍ ውስጥ ነው።

የኢብን ሲና የተሰወረ ልዩነት በመጨረሻ ተገልጧል፤ የፕሮቶን ቁጥር ነው። እርሳስ 82፣ ወርቅ 79 አለው። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ አሊስ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በ2025 ባወጣው ጥናት፣ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ የሚሮጡ የእርሳስ ኒውክሊየሶች ሳይነካኩ በጣም ተቀራርበው ሲተላለፉ አንዳንዶቹ ሦስት ፕሮቶን እየጣሉ ወርቅ እንደሚሆኑ አሳየ። ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የወርቅ ኒውክሊየሶች ተፈጥረዋል፤ ክብደታቸው ሲደመር የአንድ ግራም 29 ትሪሊየንኛ ያህል ነው። ወዲያውም ከሚሮጡበት ቱቦ ግድግዳ ጋር ተጋጭተው ተበታትነዋል። ለውጡ ተፈጸመ፤ ግን ማንም አልነጻበትም፣ ይነጻበታል ተብሎም አልተጠበቀም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ፊዚክስ ስለ እርሳስ የሚነግረን ነው። ዩራኒየምና ቶሪየም በብዙ ዘመን እየፈረሱ ሄደው የሚያርፉት እርሳስ ሆነው ነው። እርሳስ ወደ ወርቅ መንገድ ላይ ያለ በሽተኛ አይደለም። እርሳስ ወርቅ መሆን አይናፍቅም። ናፍቆቱ የሰው ነበር።

መልሴ የሚቸገርበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። የሚተርፈው ነበርኩ የሚለው ከሆነ፣ በሕመም ወይም በእርጅና ትዝታውን ያጣ ሰውስ? ስለ እርሱ ሳስብ ድምፁ የግድ ከውስጡ መምጣት እንደማያስፈልገው ይታየኛል። እርሳሱ ራሱን ባያስታውስም፣ ወደ እቶኑ የገባው ምን እንደ ነበር የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሟል። አልኬሚስቱ ወናፍ ከመንፋቱም ሌላ የሁለቱም መልክ ምስክር ነው። የሰውም እንዲሁ ከሆነ፣ መለወጥ የአንዲት ነፍስ የብቻ ሥራ አይሆንም። ሌባ የነበረ ሰው ታማኝ ሲሆን፣ ሌብነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ቀለም ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ፤ እንደ አልበርቱስም ደጋግመው ወደ እሳት ሊመልሱት መብት አላቸው። ስንት ጊዜ ግን? ፈተናው ራሱ በደል የሚሆነው ከስንተኛው በኋላ ነው? ቁጥር ማስቀመጥ አልችልም። ይሁን እንጂ የቀድሞውንም የአሁኑንም ሰው ያዩት እነርሱ ናቸው፤ አዲስ ሰፈር ሄዶ ቢኖር የሚያገኛቸው ሰዎች ታማኙን እንጂ የተለወጠውን ሰው አያውቁትም።