ፈልቶም የማይጠራ

የአክስቴ ልጅ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ስትደውል ነገር ነገርን አነሣና ስለ ውኃ ተጨዋወትን። አሠሪዎቿ የሚጠጡት እየተገዛ በትልቅ ጀሪካን የሚመጣ የተጣራ ውኃ ነው። እርሷ የቧንቧውን ትጠጣለች። «እኔም ግን ሞኝ አይደለሁም ወንድም ጋሼ፤ አፍልቼ ነው የምጠጣው» አለችኝ። «ጎበዝ!» አልኩና ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ያ «ጎበዝ» ያንገበገበኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከደቡብ ዮርዳኖስ፣ ዲሲ ከሚባለው የከርሰ ምድር ክምችት፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ አማን የሚደርስ ውኃ አለ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የዘነበ ዝናብ ነው። የተኛበት የአሸዋ ድንጋይ ዩራኒየምና ቶሪየም አለበት፤ እነዚህ ሲፈራርሱ ራዲየም ይወልዳሉ። ራዲየሙን አንቆ የሚያስቀር ሸክላ በዚያ ድንጋይ ውስጥ እምብዛም ስለሌለ ከውኃው ጋር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በዲሲ ጉድጓዶች ከዓለም አቀፍ የመጠጥ ውኃ መመዘኛዎች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨረር ማግኘቱን ገለጸ። ሰውነታችን ራዲየምን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ ወስዶ አጥንት ውስጥ ያኖረዋል። ማፍላት ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ ራዲየምን አይነካም። እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይወፍራል።

ፍርሃት ለመንዛት አይደለም። የዮርዳኖስ ባለሥልጣናት ውኃውን ከሌላ ውኃ ጋር ቀላቅለው ጨረሩን እንደሚያሳንሱት ተናግረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ መነሻ ያደረገው በዓመት 0.1 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ሰው ከአየር፣ ከመሬትና ከጠፈር ሳያውቀው በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። አማን ደግሞ በብዙ ሠፈሮቿ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን የምትጠብቅ ከተማ ናት። ለተጠማ ሰው የዛሬው ጥም ይቀድማል ወይስ ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ በሽታ?

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ድንጋይ አይከሰስ! በእኛም ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የስንቱን ልጅ ጥርስ እንዳበለዘ እያየን «የተፈጥሮ ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ይህ ቃል ያጠራጥረኝ ጀምሯል። ድንጋዩ ለሁሉም ያንኑ ውኃ ነው የሚሰጠው። ማን ከጀሪካኑ፣ ማን ከቧንቧው እንደሚጠጣ የሚወስነው ሰው ነው።

ዝም ያልኩትም አዝኜላት እንደሆነ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር። መፍትሔ የሌለው እውነት ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይፈይዳል? አልኩ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት «ታዲያ ምን ልጠጣ?» ብላ እንዳትጠይቀኝ ነው። አደጋው ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ መዝኖ መቀበል የጠጪዋ ፈንታ እንጂ የእኔ አልነበረም። ሚዛኑን ከእጇ ነጥቄ «ጎበዝ» አልኳት።

በማግሥቱ ደወልኩና ያወቅሁትን ሁሉ፣ ትንሽነቱንም ሳልደብቅ፣ ነገርኳት። የፈራሁትን አልጠየቀችኝም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ማዳም ይህን ታውቃለች ማለት ነው?» አለችኝ።