በሽልማት የታሠረ ቀበቶ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። አንዱ ጓደኛችን ከቤተ መጻሕፍት ያነበበውን ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አንዳንድ ድርጅቶች የመኪና ቀበቶ አሥሮ ለሚመጣ ሠራተኛ ሽልማት ይሰጡ ነበር። መኪና ማቆሚያው በር ላይ የሚያይ ሰው ይቆማል፤ ያሠረ ዕጣ ይደርሰዋል፣ ያላሠረ ባዶ እጁን ያልፋል። ባለሦስት ነጥቡን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ከሠራው ከ1959 ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፤ አዋቂዎችን ግን የሚያስገድድ ሕግ በአንድም የአገሪቱ ክፍለ ግዛት አልነበረም። ቀዳሚዋ ኒው ዮርክ ሕጉን ያወጣችው በ1984 ነው።

«ሰው የገዛ ነፍሱን ለማዳን ጉቦ ይቀበላል እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም፤ እኛስ ለማርክ አይደል የምናነበው?

ካንት በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ አንድ ባለሱቅ ያነሣል። ባለሱቁ ሕፃኑንም አዋቂውንም በአንድ ዋጋ ይሸጥለታል። ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ነው እንጂ የሞራል ዋጋ የለውም። በዚህ ሚዛን ለዕጣ ብሎ ያሠረ ሠራተኛ ምስጋና አይገባውም። ይሁን። ግን ምስጋና ማን ጠየቀ? ቀበቶው ሰውየውን ከመስተዋቱ ሲያስቀረው «ለምን ብለህ አሠርኸኝ?» አይለውም። ይልቅ የካንት ጥያቄ የሚመለከተው አሠሪውን ይመስለናል። ሠራተኛ ሲጎዳ የሕክምናውም የሥራው መጓደልም ኪሳራ ወደ እሱ ይመጣል። ሽልማቱ ከርኅራኄ ይሁን ከሒሳብ መዝገብ፣ ማን ይለየዋል? ባለሱቁ እሱ ነው።

ሽልማቱ ሲቆምስ? ይህን ነገር ብዙ ያጠናው የቨርጂኒያ ቴክ የሥነ ልቡና መምህር ስኮት ጌለር ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 የአሠሪዎችን ሙከራ ሲገመግም፣ በረጅሙ የበለጠ የጸናው ሠራተኞች ያለ ሽልማት ተወያይተው ቃል የገቡበት ሆኖ ተገኘ። እኛ አገርም የምናየው ነው፤ ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል፣ እንዳለፈ ይለቀዋል። ቅጣትና ሽልማት ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም የሚያይ ዐይን ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ያን ጊዜ ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን ተናገረ። ባለፈው ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ቀበቶውን ቢስብ፣ ሾፌሩ «ምነው ወንድሜ፣ አታምነኝም እንዴ?» አለው። አፈረና ለቀቀው። መንገዱን ሁሉ እጁ ቀበቶው ላይ እንደነበረ ነገረን።

ለካ ዕጣው ለሠራተኛው ሌላም ነገር ይሰጠዋል፤ ሰበብ። «ኧረ ለሽልማቱ ብዬ ነው» ብሎ ሥቆ ያሥራል፤ ማንም ፈሪ አይለው፣ ማንም አይቀየመው። ይህን ካንትም ያሰበበት አይመስለንም። ጓደኛችን በደኅና ገብቷል። ሾፌሩን ምን ብሎ መመለስ እንደነበረበት ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራክረን፣ ሾፌሩን የማያስቀይም አንድም መልስ አላገኘንም።