ዓሣው ትኬት አይከፍትም

በእኛ ሥራ የማይጮህ ተጠቃሚ ይረሳል። ሲስተም ሲበላሽበት ትኬት የሚከፍት፣ ደጋግሞ የሚደውል ሰው ችግሩ ቶሎ ይፈታለታል፤ ዝም ያለው ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል። የአሜሪካው ግሌን ካንየን ግድብ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ለዚህ ነው።

ግድቡ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሎራዶን ወንዝ ያጠራቅማል። የሚለቀው ውኃ ከሐይቁ ጥልቀት ስለሚወጣ ቀዝቃዛ ነው። ሀምፕባክ ቸብ የሚባለው፣ ጀርባው ላይ ጉብታ ያለው ዓሣ ደግሞ ለመራባት ሞቅ ያለ ውኃ ይፈልጋል። በሌላ ወንዝ የለም፤ መኖሪያው የኮሎራዶ ተፋሰስ ብቻ ነው። ቅዝቃዜው ለዓመታት ጎዳው። ከዚያ ድርቅ መጣ፣ ሐይቁ ወረደ፣ ከላይ ያለው ሞቃት ውኃ ወደ ተርባይኖቹ መግቢያ ተጠጋ። ለቸብ እሰይ የሚያስብል ነው አይደል? ግን ለስፖርት አጥማጆች ተብሎ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ስሞልማውዝ ባስም አብሮ ሾለከ። በ2022 ከግድቡ በታች መራባቱ ታወቀ። ባስ ቸብን ይበላል።

ስለዚህ በ2024፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር፣ ወንዙ ለባስ መራቢያ እንዳይመች ከታች ባሉት ቱቦዎች ቀዝቃዛ ውኃ ተለቀቀ። ያው ቸብን የጎዳው ቅዝቃዜ አሁን መድኃኒቱ ሆነ (ፕሮግራመር ከሆናችሁ ይህን ዓይነት ጥገና ታውቁታላችሁ)። ችግሩ ቱቦዎቹ ተርባይን የላቸውም። በዚያ በኩል ያለፈ ውኃ መብራት አይሆንም።

እኔ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር የምነጫነጭ ሰው ነኝ። ላፕቶፔ 4 በመቶ ላይ ሆኖ ስለ ዓሣ ስበኩ ብትሉኝ አልችልም። ከዚያ ግድብ ርካሽ ኃይል ከሚገዙት መካከል ደግሞ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች አሉ።

ቢሆንም ውኃው መለቀቁ ልክ ነው ባይ ነኝ። የጎደለው ኃይል በውድም ቢሆን ከሌላ ቦታ ይገዛል፤ ቸብ አይገዛም። ባሱንም ያመጣው ወንዙ ሳይሆን ሰው ነው። እዚህ ድረስ ይቀለኛል። የሚከብደኝ ሂሳቡ ነው። «ዓሣው ይዳን» ያልነው ሁላችንም ነን፤ የሚጨምረው ክፍያ ግን የሚያርፈው ከዚያ ግድብ ኃይል የሚገዛው ላይ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምልከው በረሃ መሃል ኤሲውን ሌት ተቀን ለሚያስኬደው ነበር። እሱ ደግሞ ትኬት መክፈት በደንብ ያውቃል።