የጽድቅ ጥሩር



እኛ የባምባሲ ወጣቶች ለዳዊትና ለጎልያድ ትያትር ከዘይት ቆርቆሮ ጥሩር ሠራን። የጎልያድ ጥሩር 5000 ሰቅል፣ ወደ 57 ኪሎ ይመዝን ነበር (1ኛ ሳሙ. 17፥5)፤ የእኛው ቀላል ቢሆንም ብብት ይቆርጥ፣ ትከሻ ይልጥ ነበር። ስለዚህ ብብቱን በመቀስ አሰፋን፣ ጠርዙን በመዶሻ አጠፍን፣ ከትከሻው ሥር አሮጌ ጋቢ አደረግንበት፣ ጠፍሩን አስረዘምን፤ ልክ ሆነ።

ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥14 የጻፈው የጽድቅ ጥሩር ግን በእኛ ልክ አይቆረጥም። ቆርቆሮውን ስንገዛ ነጋዴው ተሳስቶ አብዝቶ የመለሰልንን ገንዘብ «ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው» ብለን ይዘን ነበር። ይህስ ጽድቅ ሲቆረቁረን ጠርዙን ማጠፍ አልነበረምን? ገንዘቡን መለስን።

ወገኖች ሆይ፣ ቆርቆሮ በሰው ልክ ይቆረጥ፤ ሰው ግን በጽድቅ ልክ ይስተካከል። አምላክ ይርዳን፤ አሜን።