በእጃችን ላይ የተጻፈው ስም



ፈሪሳውያን ጌታችንን በግብር ነገር ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ፣ እርሱ ከመመለሱ በፊት አንድ ዲናር እንዲያሳዩት አዘዘ፤ ካሳዩትም በኋላ በላዩ የተቀረጸው መልክና የተጻፈው ስም የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው (ማቴ. 22፥15-22)። በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ የተጻፈ ስም ተራ ነገር አይደለም። ያ ብረት ከማን እጅ እንደ ወጣ፣ ስለ እርሱም ማን ኃላፊ እንደሚሆን ይመሰክራል። ዛሬ ብዙዎቻችን በክንዳችን አስረን ስለምንዞረው ትንሽ ዕቃ፣ ይኸውም ስለ እጅ ሰዓታችን፣ ይኸው ጥያቄ ቢቀርብልን ምን ብለን እንመልስ ይሆን?

ስለ እጅ ሰዓት በቤተ ክርስቲያን መጽሔት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ሆኖም በአውሮፓ የሰዓት ጥበብ ያደገው የጸሎት ጊዜያቸውን ለመጠበቅ በሚተጉ መነኮሳት አጠገብ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር የቅዱስ አልባን ገዳም አበምኔት የነበረው ሪቻርድ ዘዎሊንግፎርድ የሰማይ አካላትን ጉዞ የሚያሳይ ታላቅ ሰዓት ማሠራት ጀምሮ፣ ሥራው ሳይፈጸም በ1336 ዐረፈ። ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆኑት አባ ማቴዎ ሪቺ በ1601 ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካቀረቧቸው ስጦታዎች መካከል ደወል የሚመቱ ሰዓቶች ነበሩባቸው፤ የሻንጋይ ሰዓት ሠሪዎችም እኒህን ካህን እንደ ሙያቸው ጠባቂ አድርገው ሲያከብሯቸው ኖረዋል። ለእኛም ቢሆን ቀኑንና ሌሊቱን በጸሎት መከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም፤ በአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስም የሚታወቀውን መጽሐፈ ሰዓታት ማስታወስ ይበቃል። ደግሞም ከስዊዘርላንድ የመጣው ሰዓት እኩለ ቀን ላይ 12 ቍጥርን ሲያመለክት እኛ ስድስት ሰዓት ብለን እናነበዋለን። ወንጌላዊው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ እንደ ሆነ ሲተርክ (ማር. 15፥33) የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነውና፣ ኢትዮጵያዊ ምእመን የስቅለቱን ሰዓት ለማወቅ መደመርና መቀነስ አያሻውም።

ባለ ሞላ ሰዓት ተከፍቶ ያየ ሰው የሠሪውን ትዕግሥት ሳያደንቅ አያልፍም። ባለቤቱ መሙያውን ሲያዞር ዋናው ሞላ ይጠቀለልና ኃይል ያጠራቅማል፤ ኃይሉም በጥርሳም መንኮራኩሮች በኩል አልፎ፣ ወዲያና ወዲህ ወደምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ይደርሳል። እርስዋም ከአጋዦችዋ ጋር ሆና ኃይሉ በአንድ ጊዜ ፈስሶ እንዳያልቅ በልክ በልክ እንዲለቀቅ ታደርጋለች። በብዙዎቹ ዘመናዊ ሰዓቶች ይህች መንኮራኩር በሰከንድ 8 ጊዜ ትመታለች፤ ይህም በአንድ ቀን 691,200 ጊዜ ማለት ነው። የመንኮራኩሮቹ ዘንጎች የሚያርፉት በትናንሽ ሰው ሠራሽ ቀይ ዕንቁዎች ውስጥ ነው፤ ቍጥራቸውም ብዙ ጊዜ 17 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እነዚህ ዕንቁዎች ለጌጥ አልተቀመጡም፤ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ሳያያቸው የብረቱን መፋተግ ይቀንሱለታል።

እዚህ ላይ ሰዓት ሠሪዎች ደንበኞቻቸውን ደጋግመው የሚያስጠነቅቁበትን አንድ ነገር ልብ እንበል። በሰዓቱ ውስጥ ያለው ዘይት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ዘይቱ ሲደርቅም ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። ሰዓቱ ግን ወዲያው አይቆምም። ይሄዳል፣ ይመታል፣ ባለቤቱም ጤነኛ ነው ብሎ ያስረዋል። በመጨረሻ በቆመ ጊዜ ወደ ጠጋኙ ሲወስደው፣ ቀድሞ በማጠብና ዘይት በመቀባት ብቻ ይድን የነበረው ሰዓት መለዋወጫ ዕቃ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል። ምስጢረ ንስሓን «ገና ደኅና ነኝ» እያልን ከፋሲካ ወደ ፋሲካ የምናስተላልፍ ሰዎች ከዚህ የተለየ ነገር እያደረግን ይሆን? ሌላም አለ። በስዊዘርላንድ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሰዓት በአምስት አቀማመጥና በሦስት ዓይነት ሙቀት ለ15 ቀን ይፈተናል፤ ያም ሆኖ በቀን 4 ሰከንድ ወደ ኋላ ወይም 6 ሰከንድ ወደ ፊት ቢል እንደ ነውር አይቆጠርበትም። እጅግ የተመሰገነው ሰዓት እንኳ ከራሱ ውጭ ባለ ሌላ ሰዓት መታረም አለበት፤ ኅሊናም በራሱ ብቻ ሲመዘን እንዲሁ ቀስ በቀስ ይዛባል።

የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ በ1969፣ ያውም በምዕራባውያን የልደት ዕለት፣ በባትሪና በኳርትዝ የሚሠራውን የመጀመሪያ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየረከሰ የመጣው የኳርትዝ ሰዓት በትክክለኛነቱ ውዱን ባለ ሞላ ሰዓት በለጠው። በ1970 በስዊዘርላንድ የሰዓት ሥራ የሚተዳደሩት 90,000 ያህል ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ሆኑ። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበረና ይህን በደስታ አንጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ግን ባለ ሞላ ሰዓት የሚገዛ ሰው ጊዜን ለማወቅ ብቻ ብሎ አይገዛም። አንዱ የእጅ ጥበቡን ስለሚወድ ይገዛል፤ ሌላው በገጹ ላይ የተጻፈውን ስም ሰው እንዲያይለት ይገዛል። ስም ከዕቃው በላይ ሲፈለግ፣ ስም የሚሰርቅ ሰው መነሣቱ የማይቀር ነው።

ይህ ስርቆት ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የዓለም የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባወጣው ጥናት ይታያል፤ በ2019 ሐሰተኛ ምልክት የለጠፉ ልዩ ልዩ ዕቃዎች የዓለም ንግድ 464 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። የእጅ ሰዓት ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ነው። ሆኖም ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይሆንም። ቅርጹ የታወቀ ሰዓት የሚመስል፣ በገጹ ላይ ግን የራሱ ሠሪ ስም የተጻፈበት ሰዓት ማንንም አያታልልም። አሮጌ ሰዓትን በሌላ ዕቃ ማደስም ሐሰት አይባልም፤ ሻጩ የታደሰውን ክፍል ለገዢው እስከ ተናገረ ድረስ ማለት ነው። ሐሰት የሚሆነው ያልሠራው ሰው ስም ሲጻፍበት ነው። «ኮፒ መሆኑን ነግሬ ነው የሸጥሁት» የሚል ነጋዴ ገዢውን አላታለለ ይሆናል፤ የስሙን ባለቤት ግን በድሏል፣ ከእርሱ ገዝቶ ለሌላ እንደ እውነተኛ የሚሸጠውንም አስታጥቋል።

የወርቅ አንጥረኞችና የሰዓት ሠሪዎች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ኤሊጂዮስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረ አንጥረኛ ነበር። ንጉሥ ክሎታር 2ኛ ለአንድ ዙፋን የሚሆን ወርቅ በሰጠው ጊዜ፣ ቅዱሱ በዚያው ወርቅ ሁለት ዙፋን ሠርቶ እንዳቀረበለት በገድሉ ይተረካል። የቀረውን ወርቅ ቢያስቀር የሚያውቅበት አልነበረም። ንጉሡም ስለ ታማኝነቱ በገንዘብ ላይ ሾመው፤ በኋላም የኖዮን ጳጳስ ሆነ። በእጁ ያለፈውን የሌላ ሰው ወርቅ ሁሉ በዚህ መንገድ የሚቆጥር ሰው፣ የሌላውን ስም በገዛ ሥራው ላይ ይቀርጻል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ከዓረብ አገር ለዕረፍት የምትመለስ እኅት በሻንጣዋ ውስጥ ለወንድምዋ የሚያብለጨልጭ ሰዓት ይዛ ትመጣለች። በሰው ቤት ስታገለግል የኖረችባቸውን ዓመታት፣ ያልተከፈላትን ወር፣ ያልተኛችውን ሌሊት ማንም አይጠይቃትም፤ የሚጠየቀው ምን ይዛ እንደ መጣች ነው። እውነተኛው ሰዓት የብዙ ዓመት ደመወዝዋን እንደሚበላ ታውቃለች፣ ባዶ እጅዋን መጣች እንዳትባልም ትፈራለች፤ ስለዚህ ኮፒውን ትገዛለች። ወንድምዋም አስሮት በሠርግ ቤት ሲገባ ከፊት ወንበር ይሰጠዋል። በዚህ ነገር ውስጥ በእርግጥ ሐሰት አለ። ነገር ግን ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት አድርጎ የገባውን ሰው ከፊት አስቀምጠው ድሃውን በእግራቸው መረገጫ ዘንድ የሚያስቀምጡ ክርስቲያኖችን በገሠጸ ጊዜ (ያዕ. 2፥1-4)፣ ተግሣጹን የሰነዘረው ወንበር ሰጪዎቹ ላይ ነው። ቀለበቱ እውነተኛ ይሁን አስመስሎ የተሠራ እንኳ አልጠየቀም። እኛም በደጀ ሰላማችን፣ በሠርጋችንና በማኅበራችን ከፊቱ ይልቅ ክንዱን አይተን ሰላምታ የምንሰጥ ከሆነ፣ ያ ሐሰተኛ ሰዓት የተገዛው በእኛ ትእዛዝ ነው። የዚያች እኅት በደል ትንሽ ነው፤ የእኛ ግን ይከብዳል።

ሰዓት መሰብሰብ ለሚወዱ ምእመናንም አንድ ቃል አለን። ከአያቱ የወረሰውን ባለ ሞላ ሰዓት አስጠግኖ፣ ጠዋት ጠዋት ከጸሎቱ ጋር እየሞላ የሚያስር ሰው ለአባቶቹ ድካም ምስጋና ያቀርባል። ነገር ግን በመሳቢያው ውስጥ ዐሥር ሰዓት አስቀምጦ የታመመ ጎረቤቱን ለመጠየቅ አንድ ሰዓት የሚያጣ ሰው፣ መዝገቡ ወዴት እንዳለ ይመርምር (ማቴ. 6፥21)። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረና ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቫ ቤት የሠራው የወርቅ ሰዓት በ2015 በጄኔቫ ለሐራጅ ቀርቦ፣ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከሽያጩ ወጥቶ ነበር፤ በ2017 ግን ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። የንጉሠ ነገሥቱ ክንድ ካረፈ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ይህ ሰዓት «ዘለዓለማዊ» የሚባል የቀን መቍጠሪያ አለው፤ ይኸውም ወራቱ 30 ወይም 31 ቀን ቢሆኑ፣ በየአራት ዓመቱም ፌብሩዋሪ 29 ቢሆን ራሱ ያውቃል። ነገር ግን ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ባጸደቁት አቆጣጠር መሠረት 2100 ፌብሩዋሪ 29 የሌለበት ዓመት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ዘለዓለማዊው መቍጠሪያ ይስታል፤ የሰው እጅም ሊያርመው ግድ ይሆናል።

ሐሰተኛ ሰዓት በእጃቸው ያለ ምእመናን ምን ያድርጉ? ተታልሎ የገዛ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቀ በኋላ ግን ለሌላ እንደ እውነተኛ አይሽጠው፣ ጉዳቱን ወደ ወንድሙ ማሻገር ነውና። ከዘመድ በስጦታ የተቀበለው ሰው ሰጪውን አያሳፍር፤ ስለ ሰዓቱ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገር። አውቆ እንደ እውነተኛ የሸጠ ነጋዴ ግን በኑዛዜ ብቻ ነገሩ አያልቅለትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 2412) የዘኬዎስን ምሳሌ ጠቅሶ እንደሚያስተምረው፣ የተወሰደው ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ስለዚህ ገዢውን ፈልጎ በሐሰት የወሰደበትን ገንዘብ ይመልስ፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየጊዜው ይክፈል። ገዢው ፈጽሞ የማይገኝ እንደ ሆነም፣ ከንስሓ አባቱ ጋር ተማክሮ ያንኑ ገንዘብ ለድሆች ይስጥ።