ሥሩ ሙቀት ነው፦ ለፋው ወጣት ባለሙያ

ልጄ፣ የሱቅ ሰሌዳና የመስኮት አክሪሊክ መቁረጥ መጀመርህን ሰምቼ ደስ አለኝ። የሱዳኑ ፋው በ1977ቱ ድርቅ ከትግራይ በእግሩ የተሰደደ ወገናችን በድንኳን የተጠለለበት አገር ነው። እዚህ ምድር ላይ ወጣት በእጁ ሙያ ሲያድር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነውና የማውቀውን ልንገርህ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የዚህ ሥራ ሥሩ ሙቀት ነው። አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። መጋዙን ስታጣድፈው ፍትጊያው ያንን ሙቀት ይፈጥራል፤ የቀለጠው ከኋላ ተመልሶ ይጣበቃል፣ ጥርሱንም ይይዘዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ያዝ፤ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ሥራ። ሰጋቱራው ደረቅ ብናኝ ከሆነ ፍጥነትህ ልክ ነው፤ ከተጣበቀ ግን ቆም በልና ይቀዝቅዝ።

ውፍረቱ እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ መጋዝም አያሻህ። መከላከያ ወረቀቱን ሳትልጥ፣ ማስመሪያ አስደግፈህ በስለት ደጋግመህ ጫረው። ጭረቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክልና፣ ጣውላ ጭነህበት በአንድ ግፊት ወደ ታች ስበረው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ግን በዚህ መንገድ አይሰበርም፣ ይጎብጣል እንጂ፤ እሱን በመጋዝ ቁረጠው።

ስትበሳ ከሥሩ ጣውላ አድርግ። ፑንታው ሊያልፍ ሲል ግፊትህን ቀንስ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው። ቀዳዳውንም ከቪቴው ሰፋ አድርገው። በጥር ማለዳ የገጠምኸው 2 ሜትር አክሪሊክ፣ የሚያዝያ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። መላወሻ ካጣ ይጎብጣል፣ ቪቴው ዙሪያም ይሰነጠቃል። ቸኩለህ ቀዳዳውን ሳታሰፋ ብትገጥመው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሆንብሃል።

ጠርዙን መጀመሪያ በሊማ አስተካክለው። ከዚያ በውሃ እያረጠብህ በ220፣ በ400፣ ቀጥሎም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትገው። ደረጃ አትዝለል፤ የሻካራውን ጭረት የሚያጠፋው ቀጥሎ የሚመጣው ደቃቅ ነው። በመጨረሻ ማወልወያ ቀብተህ በለስላሳ ጨርቅ ወልውለው። ስታጸዳው በውሃና በሳሙና ብቻ ይሁን፤ ቤንዚን፣ ቲነርና አልኮል ጠርዙን በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞሉታል።

መነጽርህን ሳታደርግ መጋዝ አታንሳ። ቁርጥራጩንም ለምድጃ ማቀጣጠያ አትስጥ፤ በተለይ ፒቪሲ ሲነድ ሳንባ የሚያቆስል የአሲድ ጭስ ይወጣዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶች ሰው ከተጎዳ በኋላ ጸጸት እንደማይጠቅም አይተው ነው።

ደንበኛ «ለዛሬ ማታ አድርስልኝ» ብሎ ቢያጣድፍህ፣ «ነገ በጥሩ ሥራ ይውሰዱ» በለው። ዛሬ ቢቆጣም፣ ሰሌዳው በሚያዝያ ሳይሰነጠቅ ሲያገኘው ሌላ ደንበኛ ይዞልህ ይመጣል። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ። ፈጣሪ እጅህን ከስለት፣ ዓይንህን ከብናኝ ይጠብቅልህ፤ እንጀራህን ያብዛልህ፣ ለአገርህም ያብቃህ።